አባቶች ያልጻፉት የአባቶች ሕግ

በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ ተማሪዎች ደጋግመው ያነሡብኝ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «የቤተ ክርስቲያን አለቆች እንደ እኛ የሚሳሳቱ ሰዎች ከሆኑ፥ ሥርዓታቸውን ስለ ምን እንጠብቃለን?» ጥያቄው የድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ከቅን ልብ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ በመቈጣት ፈንታ ከገዛ አገራችን ታሪክ አንድ ነገር አንሥቼ መመለስ እወዳለሁ።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሷን የምትቀበለው ከግብፅ፥ ከእስክንድርያ መንበር ነበር። ለዚህም የሚጠቀሰው ማስረጃ፥ በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች፥ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ሊቀ ጳጳስ እንዳይሾሙ ወስነዋል የሚል አንቀጽ ነው። አንቀጹ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ይገኛል። ፍትሐ ነገሥትም በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ ተሰናድቶ፥ በኋላ ወደ ግእዝ የተተረጐመ መጽሐፍ ነው።

የኒቅያ ጉባኤ በ325 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) በጽርእ ቋንቋ ያወጣው ቀኖና ግን 20 ብቻ ነው፤ ከ20ውም ውስጥ ኢትዮጵያን የሚያነሣ አንድ ስንኳ የለም። በዐረብኛ በኒቅያ ስም የተጻፈው ቀኖና እስከ 84 ይቈጠራል፤ ያ አንቀጽም የሚገኘው ከኋላ ከተጨመሩት መካከል ነው። ዘመኑን ብቻ መቍጠርም ይበቃ ነበር። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን አትናቴዎስ፥ ራሱ ለእስክንድርያ መንበር የበቃው በ328 ነው። ስለዚህ ጉባኤው በተደረገ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሾመ ጳጳስ ገና አልነበረም። ገና ላልተወለደ ልጅ ርስት ከለከሉት እንደ ማለት ነው።

የዚህ ሕግ ዋጋ ቀላል አልነበረም። ጳጳሱ በሞተ ጊዜ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው፥ በረሓውንና ባሕሩን ተሻግረው፥ የግብፅን እስላም ገዢዎች ደጅ ጠንተው ሌላ ማምጣት ነበረባቸው። በዚህ መካከል ዓመታት ያልፋሉ፤ ጳጳስ ከሌለ ደግሞ ቄስም ዲያቆንም አይሾምም። በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረ አንድ ንጉሣችን ጳጳሳት ይጨመሩልኝ ብሎ ቢልክ ተከለከለ፤ ከበዙ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ይሾማሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበርና። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፥ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ባንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ ካህናት ሲሾሙ፥ በእቅፍ ያሉ ሕፃናትም ዲቍና ሲቀበሉ አይቶ እጅግ ተገርሞ ጽፏል። ቢገረም አይፈረድበትም። ነገር ግን ጳጳሱ ሽማግሌ ነው፤ ነገ ቢሞት ሌላው መቼ እንደሚደርስ ማን ያውቃል? እንዲህ ከችግር የተወለደው ነገር ቈይቶ የአባቶች ሥርዓት ተባለ።

ይህን የሰማ ወጣት ወዲያው «እንግዲያስ ሁሉም ከንቱ ነው» ለማለት ይቸኵላል። አይደለም። በዚያው ሕግ ከግብፅ ከመጡት አንዱ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አቡነ ሰላማ፥ መጻሕፍትን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በማስተርጐማቸው «መተርጕም» ተብለዋል። በጠማማ ቦይ ንጹሕ ውሃ ወርዶልናል ማለት ነው።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። መምህራኖቻችን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻውን ይበቃል፥ ወግና ልማድ የሰው ፈጠራ ነው ይሉን ነበር። ነገር ግን የመዝሙሩ ዜማ፥ የጸሎቱ ሰዓት፥ የእሑድ አለባበሳችን ስንኳ ሁሉ ከእነርሱ አያቶች አገር የመጣ ወግ ነበር፤ ይህ ለእነርሱ አይታያቸውም። ደጎች ሰዎች ነበሩ። ወግ የሌለው ቤት ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ልጅ አባቱን የሚያከብረው አባቱ የማይሳሳት ስለ ሆነ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ሰው መጥቶ «አባትህ እንዲህ ብሏል» ብሎ ርስቱን ሊወስድ ቢፈልግ፥ «ውሉን አሳየኝ» ማለት አባትን መናቅ ነውን? በአገራችን የርስት ሙግት ይህን የማያውቅ ባላገር የለም። ጳውሎስም በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋራ ይበላ የነበረውን ሰዎችን ፈርቶ በተወ ጊዜ ማለት ነው። ሆኖም ስለዚህ ብሎ የጴጥሮስን ሐዋርያነት አልካደም፥ የራሱንም ማኅበር ለይቶ አልሄደም።

የእኛም ሰዎች ውሉን አሳዩን እያሉ ደጅ መጥናት አልተዉም። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ፤ ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ግን ቃል አስገቧቸው። ከአራቱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ለወራሪው አልገዛም፥ አርበኞችንም አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጣልያን ጥይት ተገደሉ። ይህን ብቻ ነግሬ ባቆም ታሪኩ ደስ ባሰኘ ነበር። ነገር ግን አብረዋቸው ከተሾሙት አንደኛው በዚያው በወረራው ዘመን ከጣልያን እጅ የሊቀ ጳጳስነት ሹመት ተቀበሉ። ሁለቱም የአገር ልጆች፥ ባንድ እጅ የተቀቡ ነበሩ። ስለዚህ ጳጳሱ ከእኛ ወገን መሆኑ የሰውን ድካም ያስቀራል ብሎ ተስፋ ያደረገ ቢኖር፥ እነሆ አሥር ዓመት ሳይሞላ መልሱን አገኘ። ቢሆንም ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እውነተኛ ጥያቄ ውጤቱ ስላላማረ ሐሰት አይሆንም።

በመጨረሻም በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። የሾመቻቸውም ያችው ለብዙ መቶ ዓመታት የከለከለችው እስክንድርያ ናት። ያ አንቀጽ ግን ከፍትሐ ነገሥት አልተፋቀም፤ መጽሐፉን የሚገልጥ ሁሉ ዛሬም ከነቦታው ያገኘዋል፤ እኔም ባለመፋቁ ደስ ይለኛል።