የጭረት መጥፋትና የጉድለት ባሕርይ
በመኪና ቀለም ላይ ያለ ጭረት በፖሊሽ ማሽን «ጠፋ» ሲባል በእርግጥ የጠፋው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ፣ የጋራዥ ጉዳይ ቢመስልም ወደ ፍልስፍና የሚያመራ ነው። ጭረት ሊኖር ይገባው የነበረ ነገር በመጉደሉ የተፈጠረ ክፍተት እንጂ በራሱ የቆመ አካል አይደለም፤ የሂጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ (354–430) ክፋት የራሱ ህላዌ የሌለው የበጎነት ጉድለት ነው ብሎ ያስተማረውም ከዚህ ጋር ይዛመዳል።

ጉድለት ደግሞ ተፍቆ አይወጣም። ፖሊሽ የተቀባው ስፖንጅ ሲሽከረከር፣ በቅባቱ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ቅንጣቶች የሚበሉት በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ሽፋን ነው፤ ዙሪያው እስከ ጭረቱ ወለል ሲወርድ ብርሃን ይበትኑ የነበሩት ጠርዞች ስለሚጠፉ ዐይን እንከኑን አያይም። ይህ ሽፋን፣ ማለትም ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀውና ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ንጣፍ፣ በብዙ የፋብሪካ ቀለሞች ላይ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ይወፍራል፤ ሃምሳው ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ነው።

እንግዲህ በአውግስጢኖስ አሳብ የጉድለት መድኃኒቱ የጎደለው በጎ ነገር መሙላት ሲሆን፣ ማሽኑ ግን የቀረውን በጎ ወደ ጉድለቱ ልክ ያወርዳል፤ መኪናውን ለገበያ የሚያሰናዳ ሰው ለዚህ ልዩነት ደንታ ባይኖረውም፣ ውጤቱ መስተካከል እንጂ መታደስ ሊባል አይገባውም። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ብዙውን ጊዜ ለፖሊሽ ጥልቅ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው አዲስ ቀለም ነው።