መምሰል ሐሰት ነውን?

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ በወተቷ የታወቀች ናት። ወተት ገዢ ከመቅመሱ አስቀድሞ በዓይኑ ይመረምራል፤ ውሃ የገባበት እንደ ሆነ መልኩ ይሳሳልና። ምክንያቱም ምንድን ነው ቢሉ፣ ብርሃን ከወተት ላይ እንደ መስተዋት ነጥሮ የሚመለስ አይደለም፤ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከቅባቱ ጠብታና ከጥቃቅኑ የፕሮቲን ቅንጣት ጋራ እየተጋጨ ይንከራተታል፤ በመጨረሻም በገባበት ሳይሆን በሌላ ስፍራ ይወጣል። ሰምም፣ እብነ በረድም፣ የሰው ቆዳም እንዲሁ ናቸው። እጁን በፀሐይ ፊት የዘረጋ ሰው በጣቶቹ ጠርዝ ቀይ ብርሃን ያያል፤ ደሙ ሌላውን ቀለም ይዞ ቀዩን ያሳልፋልና።

ቀድሞ በኮምፒዩተር ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን በነካው ነጥብ ላይ ወዲያው እንደሚመለስ አድርገው ያሰሉ ስለ ነበር፣ የሳሉት ፊት ቀለም የተቀባ ድንጋይ ይመስል ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ግን ሄንሪክ ጄንሰን፣ ስቲቭ ማርሽነር፣ ማርክ ሌቮይና ፓት ሃንራሃን አጭር ስሌት አወጡ። የያንዳንዱን ጨረር መንገድ መከተል እጅግ ረጅም ሥራ ስለ ሆነ፣ ከቆዳው ሥር አንድ የብርሃን ምንጭ፣ ከቆዳው በላይም ያንን የሚቀንስ፣ በእውነት የሌለ ሌላ ምንጭ እንዳለ አድርገው ቈጠሩ። ለምሳሌ ከወሰዷቸውም ነገሮች አንዱ ወተት ነበር። ስለዚህም ሥራ ጄንሰን፣ ማርሽነርና ሃንራሃን በዚያው አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ጥያቄ ይነሣል። በሌለ ምንጭ ተሰልቶ፣ ነፍስ የሌለው ፊት ሕያው መስሎ ቢታይ፣ ይህ ሐሰት ነውን?

መልሱን የሱሉልታ ወተት ያስተምራል። ወተት የሳለ ሰው «ጠጡ» አይልም። ውሃ ቀላቅሎ የሚሸጥ ግን ሐሰተኛ ነው፤ ሐሰተኛ ያሰኘውም ውሃ መጨመሩ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ለልጆቹ ቢያቀጥነው ማንም አይወቅሰውምና። የሚወቀሰው ንጹሕ ነው ብሎ ስለ ሰጠ ነው። ስለዚህ ሐሰት ያለው በመምሰል ሳይሆን በምስክርነት ነው።

ነገር ግን አንድ ክርክር ይቀራል። ሠሪው ምንም ሳይናገር ተመልካቹ እውነተኛ ሰው ያየ ቢመስለው፣ ሠሪው «እኔ አልዋሸሁም» ሊል ይችላልን? አይችልም፤ ወተት ሻጩም ስለ ውሃው ዝም ብሎ ይሸጣልና። የቀድሞ የኢትዮጵያ ሠዓልያን ደጉን ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን ይስሉ ነበር፤ ከሰሌዳውም ላይ ሥጋና ደም የጠበቀ አልነበረም። ሥዕሉ ራሱ ሥዕልነቱን ይመሰክር ነበር። አሁን ግን ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ እንደሚያልፍ ሆኖ ስለሚታይ፣ ሥዕሉ ይህን ምስክርነት ትቷል፤ ሥዕሉ የተወውንም ምስክርነት ሠሪው ሊፈጽመው ይገባል። ይልቁንም የሚያውቁትን ሰው ፊት ወስዶ ያልሠራውን እንደ ሠራ አድርጎ ማሳየት፣ በጎረቤት ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ባልንጀራውን በፊቱ መልክ አይመዝነውም፤ የተናገረው ከሠራው ጋራ መስማማቱን ይመረምራል እንጂ። ዓይን ያለውም ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ምርመራ ሊማር ይገባዋል። ብርሃን በወተት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ጥበብ ነው፤ ጥበቡ የሚመሰገነውም የሚነቀፈውም ባለቤቱ ለገዢው በሚነግረው ቃል ነው።