ስለ እንግዳው መልእክተኛና ስለ ተቀባዮቹ



ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 10 ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ ከተሞች እንደ ላካቸው ይነግረናል። ይህን ምንባብ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ መከሩ ብዛትና ስለ ሠራተኞቹ ማነስ ለመናገር፣ ስለ ጥሪም ለመጸለይ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀጥሎ ባለውና ፈጠን ብለን በምናልፈው ክፍል ላይ ጥቂት እንድንቆይ እንወዳለን። ጌታ ለመልእክተኞቹ የሰጠው ትእዛዝ ቅደም ተከተል አለው። ወደ ቤት ሲገቡ አስቀድመው ለቤቱ ሰላምን ይመኛሉ፤ በዚያው ቤት ይቀመጣሉ፤ ከቤት ወደ ቤት አይዘዋወሩም፤ የቀረበላቸውን ይበላሉ፤ ከዚያም በሽተኞችን ይፈውሳሉ። የእግዚአብሔር መንግሥት መቅረብዋን መናገር የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እኛ ካህናት በዘርዐ ክህነት ቤት ለብዙ ዓመታት የምንማረው በአመዛኙ ይህን የመጨረሻውን ነው። የፊተኞቹን፣ ይኸውም ሰላምታን፣ መቀመጥንና መብላትን፣ የሚያስተምር መምህር በዚያ አይገኝም። መምህሩ በተላክንበት ከተማ ይጠብቀናል፤ እርሱም የቤቱ ባለቤት ነው።

አንድ ወጣት ሚሲዮናዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጅማ ሲላክ ምን እንደሚያገኘው እናስብ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የጊቤን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ሲደርስ፣ የአገሩ ልምላሜ ዓይኑን ይሞላዋል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ያጠበው ልብስ እንደ ረጠበ ይቀራል፤ ከአገሩ ያመጣቸው መጻሕፍትም ሻጋታ ያወጣሉ። ገና ጎሕ ሳይቀድ የመስጊዱ አዛን ይቀሰቅሰዋል፤ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት ከተማ መሆኑን በጆሮው ይረዳዋል። በቢሮ አማርኛ የተማረ እንደ ሆነ፣ በገበያ አፋን ኦሮሞ ይጠብቀዋል፤ ከዳውሮ፣ ከየም፣ ከከፋ የመጡትም በየቋንቋቸው ሲጫወቱ ይሰማል። ታላቅን ሰው «አቲ» ብሎ መጥራት ነውር መሆኑን፣ «ኢሲን» ማለት እንደሚገባው፣ ሰላምታም አንድ ቃል ሳይሆን ስለ አዳር፣ ስለ ቤተ ሰብ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ የሚጠየቅበት ረጅም መንገድ መሆኑን ቀስ በቀስ ይማራል። መንገዱን አሳጥሮ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው በዚህ አገር ጉዳዩም አይሰምርለትም።

ይህ ድካም በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቅድስት መንበር በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የሚሆን ሐዋርያዊ ቪካሪያት ስታቋቁም፣ የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩትን ጉልዬልሞ ማሳያን ጳጳስ አድርጋ ላከች፤ ሕዝቡ በኋላ አቡነ ማስያስ ያላቸው እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ፤ ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ የገቡት ግን በ1852 ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሩ ተዘግቶባቸው ከወደብ ወደ ወደብ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ በሱዳን በኩል የነጋዴ ልብስ ለብሰው መጡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 43 ደርሶ ነበር። ጳጳስ ነበሩ፤ በጉድሩ መንደር ግን ውኃ ስጡኝ ለማለት የሕፃን አፍ ያህል እንኳ የሌላቸው እንግዳ ነበሩ።

አቡነ ማስያስ በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ አለ። የተዘጋጀው ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡ ሚሲዮናውያን ነበር። እኛ ይህን መጽሐፍ ስናስብ ከደራሲው ይልቅ የሚታዩን ሌሎች ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቃል ከአንድ ሰው አፍ የተሰማ ነውና። እሳት ዳር ተቀምጦ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ የደገመላቸው፣ ሲሳሳቱ ያልሳቀባቸው፣ ወይም ስቆም ቢሆን መልሶ ያስተማራቸው ሰው ነበረ። የእነዚያ መምህራን ስም በሽፋኑ ላይ አልተጻፈም።

አቡነ ማስያስ በሕዝቡ ዘንድ የታወቁበት ሌላው ሥራ የፈንጣጣ ክትባት ነው። ፈንጣጣ መንደሩን ሲያጠፋ በነበረበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ በብዛት ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ከላይ ያነሣነው የወንጌሉ ቅደም ተከተል እነሆ በዚህ ምድር ተፈጸመ፤ መቀመጥ፣ መብላት፣ መፈወስ፣ ከዚያም ቃሉ። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ሙስሊም ሆነው ሳለ ለሚሲዮናውያኑ ወዳጅነት አሳዩአቸው። አቡነ ማስያስ ወደ ከፋ ገብተው በ1861 ከዚያ ሲባረሩ መንጋውን ይዞ የቀረው ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ኃይለ ሚካኤል ነበር። በዛሬው ጅማ ዞን ባለችው በጌራ ደግሞ ከሳቮይ አገር የመጡት አባ ሌዎን ዴዛቫንሼ ለብዙ ዓመታት ኖረው በ1879 በዚያው አረፉ። ከቡና ጥላ በታች የተቀበረ የሩቅ አገር ሰው ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው ከቶሪኖ ነው። በጥቅምት 20 ቀን 2024 ቅዱስ ተብለው የታወጁት ዮሴፍ አላማኖ የኮንሶላታን ማኅበር ሲመሠርቱ ምኞታቸው የአቡነ ማስያስን ሥራ መቀጠል ነበር። መንገዱ ስላልተከፈተ ልጆቻቸው በ1902 አስቀድመው ወደ ኬንያ ሄዱ። የከፋ ሐዋርያዊ ፕረፌክቱራ በ1913 ተቋቁሞ ለማኅበሩ ተሰጠ፤ ኃላፊው አባ ጋውዴንሲዮ ባርላሲና ግን አገሩን የረገጡት በ1916፣ እርሳቸውም ነጋዴ መስለው ነበር። ክህነትን ሸሽጎ መግባት ዛሬ ለምንኖር ሰዎች ላይጥመን ይችላል፤ የዘመኑን ችግር ሳናውቅ ባንፈርድ ይሻላል። ነጋዴነት ግን ያስተማራቸው ነገር እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ነጋዴ ገበያ መካከል ይቀመጣል፤ የሰውን ሰላምታ፣ ሚዛንና ተረብ ሳያውቅ አንድ ቀን አያድርም፤ ገዥው ካልፈለገውም ሸቀጡን አስገድዶ አይሸጥም።

ውድ ምእመናን፤ ዛሬ ወደ እናንተ የሚላከው መልእክተኛ ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ፕረፌክቱራ በ1994 ሲመሠረት የመጀመሪያው ኃላፊ የሐረርጌው ተወላጅ፣ በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ብርሃነየሱስ ነበሩ። በ2009 ወደ ሐዋርያዊ ቪካሪያትነት ካደገ ወዲህም ከሆሳዕና፣ ከወላይታ፣ ከእምድብር፣ ከዓዲግራት የሚመጡ ካህናትና ደናግል ይታያሉ። ለእነዚህ ወጣቶች ማንም «እንግዳ ናቸውና እንርዳቸው» አይልም፤ መልካቸው የእኛው ነውና። ሆኖም ከዓዲግራት ወደ ቦንጋ የመጣ ካህን ቋንቋው ሌላ፣ የለመደው የአየር ጠባይ ሌላ ነው፤ ቆጮ በልቶ አያውቅ ይሆናል፤ ሥርዓተ አምልኮው እንኳ ካደገበት ሊለይ ይችላል። ለፈረንጁ የምንሰጠውን ትዕግሥት ለእርሱ እንነፍገዋለን። ይህ ፍትሕ አይመስለንም።

ጌታ የቀረበላችሁን ብሉ ማለቱ በጅማ ከባድ ቃል ነው። በዚህ አገር የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የተለየ መሆኑን የማያውቅ ሕፃን የለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 እና 10 ምግብ በራሱ እንደማያረክስ፣ ነገር ግን በነፃነታችን የደካማውን ወንድም ኅሊና እንዳናቆስል አስተምሮናል። አዲሱ ሚሲዮናዊ የመጀመሪያውን ትምህርት ይዞ ሁለተኛውን ሳይጠይቅ ሙስሊም ጎረቤት ቤት ገብቶ ሥጋ ቢበላ፣ በማግሥቱ ቁምስናው ሁሉ ሲያጉረመርም ይሰማል። ደንግጦ ከጎረቤቱ ቤት ጨርሶ ቢቀር ደግሞ የባሰ ነው። የአገሩ ሰው ግን ይህን ነገር ከእኛ የሥነ መለኮት ተማሪዎች አስቀድሞ ፈትቶታል። ሙስሊሙ ባለሰርግ ለክርስቲያን ወዳጆቹ የሚሆነውን በግ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱም ሰሐኑም ይለያል። ክርስቲያኑም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። በተለየው ድስት ፊት የተቀመጠ ወጣት ካህን መለያየትን ብቻ ካየ ገና አላየም። ስለ እርሱ አስቀድሞ ያሰበ፣ ያወጣ፣ የደከመ ሰው አለ። ይህን የሚያስረዳው አጠገቡ የተቀመጠ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ቢኖር እንዴት መልካም ነበር።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ ቤተ ክርስቲያኑ ይሳሳል። አዲሱ ካህን ባዶ ወንበር ሲያይ እምነት የቀዘቀዘ፣ ወይም ስብከቱ ሰው ያባረረ ይመስለዋል። ሰው ግን እሸቱን ለቀማ ላይ ነው፤ ጀንፈሉንም በማስጫ አልጋ ላይ እያገላበጠ ዝናብ እንዳይመታበት ይጠብቃል። የዓመቱ የልጆች ደብተርና የቤተ ሰቡ ሕክምና የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ወቅቱን የሚያውቅ ሽማግሌ «አባ፣ እኛ ከመጣን እርስዎ ወደ ማሳው ይምጡ» ቢላቸው ብዙ ኀዘን ይቀራል። በዚያም ከሩቅ ቀበሌ ለቀማ የመጡ፣ ሌሊቱን በዳስ የሚያድሩ ወጣቶችን ያገኛሉ። እነርሱም እንግዶች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የተጠመቁ ልጆቻችን ናቸው፤ ማንም ስለማያውቃቸው እሑድ ከበር ሆነው ቅዳሴ ሰምተው ይሄዳሉ።

ሚሲዮናዊን የሚሰብረው ወባ ብቻ አይደለም። በእኛ አስተያየት ከወባ ይልቅ ምሽት ነው። ቀኑን ሙሉ ያልሰማውን እንደ ሰማ ራሱን ሲነቀንቅ የዋለ ሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ብቻውን ይቀራል። ወደ አገሩ ስልክ ይደውላል፤ በአካሉ ጅማ፣ በልቡ ሌላ ስፍራ ይኖራል። ጥቂት ዓመት ቆይተው የተመለሱትን ስናስብ፣ ብዙዎቹ ጥሪያቸው የጎደለ ሳይሆን ማንም ያልጠራቸው ይመስለናል።

ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም። ብዙ ጊዜ በክብር ነው። ለአባ ወንበር ይቀርባል፤ ሌላው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ለአባ ለብቻ ሰሐን፣ ለብቻ ጠረጴዛ። ሲሳሳት «ቋንቋውን እኮ ጨረሱት» እንለዋለን፤ ልጆቹም ከኋላው ይስቃሉ። እንዲህ የተከበረ ሰው አሥር ዓመት ቢኖር ከበረንዳው አያልፍም። የቀድሞውን ካህን እያነሣን «አባ እገሌ እንዲህ አልነበሩም» ማለታችንም ሌላው ነው፤ እርሱን ግን ሁላችንም ስለምናውቀው አናብራራውም።

እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ የአጵሎስን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 አንብቡ። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ፣ በመጻሕፍት የበረታ ሰባኪ ነበር፤ ነገር ግን የሚጎድለው ነበረ። ድንኳን እየሰፉ የሚኖሩት አቂላና ጵርስቅላ በምኵራብ ሲናገር ሰሙት። በጉባኤ መካከል አላሳፈሩትም፤ ዝም ብለውም አላለፉት። ወደ ራሳቸው ወስደው በትክክል አስረዱት። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ተግባር ባወጣው ድንጋጌ ሚሲዮናውያን የሚላኩበትን ሕዝብ ቋንቋና ባህል እንዲማሩ አዟል፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንንም ሥራ አመስግኗል። ሁለቱን አንድ ላይ ካነበብን የቋንቋው መምህር ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የአዲሱን ካህን ስብከት ቅዳሜ ማታ አብራችሁት አንብቡ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በከፊኛ የማይገባ ቃል ካለ እሑድ ሕዝብ ከመሳቁ በፊት ቅዳሜ እናንተ ንገሩት። ቢከፋው በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል።

ለተላኩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ከቤት ወደ ቤት አትዘዋወሩ መባሉን አትርሱ። በመጀመሪያው ወር ሠላሳ ቤት ከመጎብኘት በአንድ ቤት ሠላሳ ጊዜ መግባት ይሻላል። የቤቱ እናት ስማችሁን ሳይሆን ጉድለታችሁን እስክታውቅ ድረስ ተመላለሱ። ፕሮጀክቱ ትንሽ ይቆይ።

በዚህ ዓመት ወደ ቁምስናችሁ አዲስ ካህን ወይም እኅት ቢላኩ፣ በአቀባበሉ ቀን በግ ማረዳችሁ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ተራ ማክሰኞ ግን፣ በዓልም ስብሰባም በሌለበት፣ ከሥራ በኋላ አንዳችሁ ቡና አፍልታችሁ ጥሯቸው። ከሌላው ሰው ጋር በርጩማ ላይ ይቀመጡ። የልጆቻችሁን ስም አስጠኗቸው፤ የሚሳሳቱትን ልጆቹ ያርሟቸው። አቦሉን ጠጥተው ሰዓታቸውን ቢያዩ ቶና እንደሚቀር፣ ከቶናም በኋላ በረካ እንዳለ ንገሯቸው።