ሥልጣን ያለው መልስና እውነተኛው መልስ

ቃል ሥልጣን ካለው አፍ ስለ ወጣ ብቻ እውነት ይሆናልን? ይህን ጥያቄ የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም በየፊናቸው ሲመረምሩት ኖረዋል፤ በዘመናችንም፥ ከወልዲያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በመርሳ ከተማ ተቀምጦ፥ የመሥሪያ ቤቱን የዲኤንኤስ ሰርቨር የሚያቋቁምና ዞን ፋይል በሚባለው መዝገብ ውስጥ ስሞችን በገዛ እጁ የሚጽፍ ወጣት ባለሙያ፥ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፥ ይኸው ጥያቄ በየዕለቱ በጣቶቹ ሥር ያልፋል።

የነገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሰው ስምን ያስታውሳል፤ ኮምፒዩተር ግን ባልንጀራውን የሚያገኘው በቁጥር አድራሻ ስለ ሆነ፥ ስምን ሰምቶ ቁጥርን የሚመልስ ተጠሪ ያስፈልጋል። አስቀድሞ የኔትወርኩ ስሞች ሁሉ፥ በአሜሪካ ኤልዛቤት ፋይንለር በምትመራው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ክፍል በሚጠበቅ በአንድ ፋይል ተጽፈው፥ ፈላጊው ሁሉ ከዚያ እየገለበጠ ይወስድ ነበር፤ ስሞቹ እየበዙ ሄደው ለአንድ መዝጋቢ ሸክም በከበዱ ጊዜ፥ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. መዝገቡ ዞን በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍሎ ለየክፍሉ ባለአደራ የሚሾምበትን ሥርዓት አቀረበ። በዚህ ሥርዓት ከሁሉ በላይ ያለው ሥር ስለ አንድ የኢትዮጵያ ስም ሲጠየቅ መልሱን ራሱ አይሰጥም፤ «ነጥብ ኢቲ»ን ወደሚያስተዳድረው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ይመራል፤ ከዚያም ጥያቄው ወደ ታችኛው ባለአደራ እየተመራ የዞኑ ፋይል ካለበት ሰርቨር ይደርሳል፤ ያም ሰርቨር ከፋይሉ ያነበበውን፥ በሥልጣን የተነገረ መሆኑን ከሚያሳይ ምልክት ጋር ይመልሳል።

ይህ ሥልጣን ከወዴት መጣ? ማንም ሰው በቤቱ ሰርቨር አቁሞ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲን ስም በፋይሉ ቢጽፍ፥ መሣሪያው ሳያመነታ የተጻፈውን ይናገራል፤ ነገር ግን ከበላይ ያለው ወደ እርሱ ስላልመራ፥ ዓለም መጥቶ አይጠይቀውም። ስለዚህ ሥልጣን ከላይ የሚቀበሉት፥ ሰጪው ባነሣው ጊዜም የሚነሣ አደራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ክህነት የምታስተምረውም ከዚህ አይርቅም፤ ካህኑ በአንብሮተ እድ የተቀበለውን ጸጋ ያገለግልበታል፥ ከራሱ ያፈለቀው ግን የለውም።

የቀደሙት አባቶቻችንም የታመነ መዝገብ በየት ሊቀመጥ እንደሚገባው አስበውበታል። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ በ13ኛው መቶ ዘመን የገዳሙን ማኅበር ያቀኑት አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ውስጥ የመጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል፤ በሌሎች አድባራትና ገዳማትም የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ሁሉም ወገን ወደሚያከብረው ወደ አንድ መጽሐፍ ይመለስ ዘንድ። በብዙ የብራና መጻሕፍትም፥ የሰረቀውና የፋቀው ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ውጉዝ እንዲሆን የሚያዝ ቃል ይገኛል። ይሁን እንጂ ግዝቱ የተጻፈውን ከሚፍቅ እጅ ይጠብቃል እንጂ፥ ከመጀመሪያው ሐሰትን ከጻፈ እጅ ሊጠብቅ አይችልም።

የዘመኑም ጥበብ ከዚሁ ድንበር ቆሟል። ዲኤንኤስሴክ በተባለው ስልት ዞኖች በምስጢራዊ ቁልፍ ይፈረማሉ፤ የሥሩ ዞን ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ተፈርሟል፤ ፊርማውም መልሱ ከባለአደራው የመጣና በመንገድ ያልተለወጠ መሆኑን ያረጋግጣል። ነገር ግን ባለሙያው በፋይሉ አንዲት አኃዝ ቢያሳስት፥ ወይም ሙሉ ስም ጽፎ በመጨረሻው ላይ ነጥብ ማኖርን ቢረሳና ሰርቨሩ የዞኑን ስም ዳግመኛ ቢቀጥልበት፥ ስሕተቱ በሙሉ ክብር ተፈርሞ በሥልጣን ይነገራል። ይልቁንም የሚያስፈራው የክህደት ቃል ነው፤ በፋይሉ ያልተጻፈ ስም ሲጠየቅ ሰርቨሩ «የለም» ይላል፤ ይህንንም «የለም» ሌሎች ሰርቨሮች ለተወሰነ ጊዜ በማኅደራቸው ይዘው ለሚጠይቃቸው ሁሉ ይደግሙታል። ያለውን የለም ማለት፥ በመዝገብ መዘንጋት ብቻ የሚፈጸም በደል መሆኑን፥ ስሙ ከመዝገብ ወድቆ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«እንኪያስ ሥልጣንን ትተን እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመርምር» የሚል ቢኖር፥ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም አይፈጸምም። በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ሆኖ የመርሳን መሥሪያ ቤት የሚፈልግ ሰው ፋይሉን ሊያይ አይችልም፤ አብዛኛው ዕውቀታችንም፥ ሃይማኖታችን ጭምር፥ ያየ ሰው በሰጠው ምስክርነት ላይ የቆመ ነው። የሰሚው እምነት የማይቀር ከሆነ ዘንድ፥ የመመርመር ዕዳው በሙሉ በተናጋሪው ላይ ይወድቃል፤ ሥልጣን የእውነት ምንጭ ባይሆንም የእውነት ተበዳሪ ነውና፥ የሚታመን ሰው ከማይታመነው ይልቅ ብዙ ዕዳ አለበት።

የሥርዓቱ አበጂዎች ከዚህ ዕዳ ጥቂቱን በደንብ አስረውታል። የዋናውን ሰርቨር ፋይል የሚለውጥ ባለሙያ ተከታታይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይገባዋል፤ ይህን ካላደረገ ፋይሉን ከዋናው የሚቀዱት ረዳት ሰርቨሮች መለወጡን ሳያውቁ አሮጌውን ቃል መናገራቸውን ይቀጥላሉ። ዋናው ጠፍቶ የተወሰነው ዘመን ሲያልፍ ግን፥ ረዳቶቹ ዘመን ባለፈበት ምስክርነት ሰውን ከማሳሳት ይልቅ ስለዚያ ዞን መመስከርን ይተዋሉ። ዋናውም ራሱ፥ የፋይሉ አጻጻፍ የተበላሸ ሆኖ ካገኘው፥ በግምት ከማንበብ ይልቅ አልቀበልም ይላል። የአጻጻፍን ስሕተት መሣሪያ ያውቃል፤ የሐሰትን ቁጥር ግን፥ አጻጻፉ እስካማረ ድረስ፥ ከሰው ኅሊና በቀር የሚያውቀው የለም።

ስለዚህ የስም፥ የርስት ወይም የአድራሻ መዝገብ በእጃችሁ ያለ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ የጻፋችሁትን ከማወጃችሁ በፊት ከነገሩ ከራሱ ጋር አመሳክሩት፤ ስትለውጡም መለወጡን አስታውቁ፤ የማታውቁትንም አላውቅም ለማለት አትፈሩ። ሰው ሳያይ ያምናችኋልና፥ በማይታየው ክፍል ውስጥ የምታደርጉት ጥንቃቄ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የሃይማኖት ሥራ ነው።