የተገዛ ዕቃ ባለቤቱ ማን ነው?

ባለቤትነት ምን ማለት እንደ ሆነ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ለረጅም ዘመን ያሰበበት በመሬት አማካይነት ነው። በቀድሞው ሥርዓት ርስት አንድ ነገር፣ ጉልት ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ባለርስቱ ከአባቱ የወረሰውን መሬት ያርሳል፤ ለልጆቹም ያወርሳል። ባለጉልቱ ግን ሞፈር ሳይጨብጥ በዚያው መሬት ላይ ግብር የመቀበል ሥልጣን ነበረው። በአንድ መሬት ላይ ሁለት ጌቶች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ በላቡ፣ ሌላው በሥልጣኑ። ከሁለቱም በታች የነበረው ጭሰኛ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰውን መሬት የእኔ ሊለው ከቶ አይችልም ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ከሕግ ገጽ አስወገደው። ቃላቱ ግን ለታሪክ ተማሪ ብቻ የቀሩ አይደሉም። በየሰው ኪስ ውስጥ ያለውን የእጅ ስልክና በየቢሮው ያለውን ኮምፒዩተር ለመረዳት ከእነርሱ የተሻሉ ቃላት ማግኘት ያስቸግራል።

ዛሬ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይረከባል። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው አካል ነው፤ ብረቱ፣ መስተዋቱ፣ ባትሪው። ሁለተኛው ያንን አካል የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ነው። አካሉ ይሸጥለታል፤ ሶፍትዌሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሸጥለትም፤ በተወሰነ ግዴታ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይሰጠዋል። ይህም የተጻፈው ገዢው «ተስማምቻለሁ» ብሎ በሚያልፈው ረጅም ውል ውስጥ ነው። (ውሉን አንብቦ የጨረሰ ሰው ቢገኝ ሙያው ጥብቅና ሳይሆን አይቀርም።) ሶፍትዌር የሌለው አካል በድን ስለ ሆነ፣ የሶፍትዌሩ ጌታ የአካሉም ጌታ ሆኖ ይቀራል። ገዢው ርስት የገዛ ይመስለዋል፤ ጉልቱ ግን ከሻጩ እጅ አልወጣም።

ንጽጽሩ የተጋነነ የሚመስለው ቢኖር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የሆነውን ያስታውስ። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል በተሰኘው የንባብ መሣሪያው ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ሸጦ ነበር። መጻሕፍቱን ለሽያጭ ያቀረበው አሳታሚ መብቱ እንዳልነበረው በታወቀ ጊዜ፣ ኩባንያው በሩቅ ሆኖ ከገዢዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ሰረዛቸው፤ ዋጋውንም መለሰ። ከሁለቱ አንዱ፣ ያለፈ ጽሑፍ በመንግሥት ትእዛዝ ስለሚጠፋበት ዓለም የሚተርከው «1984» መሆኑ ብዙ አነጋግሯል። ከዚህ ግጥምጥሞሽ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን ለትምህርቱ እያነበበ ማስታወሻ ይይዝ የነበረ አንድ ተማሪ፣ የተጻፈበት ገጽ ስለ ጠፋ ማስታወሻው ትርጉም አጣበት፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የተመለሰው የመጽሐፉ ዋጋ ነው፤ የተማሪው ድካም በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስ ድርጊቱን አውግዞ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ይቅርታ የተጠየቀው በትሩ ስለ መሰንዘሩ እንጂ በትሩ በሻጩ እጅ ስለ መኖሩ አልነበረም።

አምራች በዕቃ ዕድሜ ላይ መወሰኑ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 መጨረሻ ኦስራምና ፊሊፕስን የመሳሰሉ የአምፖል አምራቾች ፌቡስ የተባለ ማኅበር ጄኔቭ ላይ አቁመው፣ የአምፖል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት እንዲወሰን ተስማሙ። ቀደም ሲል ከዚያ በላይ የሚያበራ አምፖል ይሠሩ ነበር፤ ከስምምነቱ በኋላ ግን ዕድሜው የረዘመ አምፖል ያወጣ ፋብሪካ መቀጫ ይከፍል ነበር። ሆኖም ያ አምፖል አንድ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ፣ ዕድሜው አጭርም ቢሆን፣ የገዢው ነበር። የአሁኑ መሣሪያ ግን ከተሸጠም በኋላ እትብቱ ከአምራቹ አይቆረጥም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል፣ ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች ፍጥነታቸው በሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲቀንስ ማድረጉን አመነ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ያረጀ ባትሪ በቅጽበት የሚጠየቀውን ኃይል መስጠት ሲያቅተው ስልኩ ድንገት ይጠፋል፤ ፍጥነቱን መቀነስ ይህን ይከላከላል። ስለዚህ መሐንዲሱ በመሐንዲስነቱ የሚወቀስበት ብዙ ነገር የለም። ነውሩ ዝምታው ነው። ስልኩ የተንቀራፈፈበት ሰው ባትሪ መለወጥ ብቻ እንደሚበቃው ስላልተነገረው፣ ስልኩ አርጅቷል ብሎ ሌላ ለመግዛት ሊነሣ ይችላል፤ ከዚህ ስሕተት የሚጠቀመው ደግሞ ዝም ያለው ወገን ነው። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ኩባንያው የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። እ.ኤ.አ. በ2020 የፈረንሳይ መንግሥት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለው። ያስከፈለው ስልኮቹን ስላዘገየ ሳይሆን ለደንበኞቹ ስላላሳወቀ ነበር። ልዩነቱ ረቂቅ ይመስላል፤ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ያረፈው በእርሱ ላይ ነው። ሳያማክሩ ስለ ሌላው ሰው መወሰን፣ ውሳኔው ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ያንን ሰው ሞግዚት እንደሚያስፈልገው ሕፃን መቍጠር ነው።

አበው «ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላሉ። አባባሉ የባለቤትን ዕውቀት ያስከብራል። ቡዳ የሚለው ስም በማን ላይ ይለጠፍ እንደ ነበር ግን መዘንጋት አይገባም፤ ብረት በሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ በምትሠራው፣ ቆዳ በሚፍቀው ላይ ነበር። ገበሬው ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቀን ይፈልገዋል፤ ማታ ይፈራዋል። ጥበቡን እየተጠቀመ ጥበበኛውን ይንቀዋል። የአሁኑ ዘመን አባባሉን ገልብጦታል። ከባለቤቱ በላይ የሚያውቀው ሩቅ ያለው አምራች ነው፤ እርሱም ይታመናል። ዕቃውን ከፍቶ ለባለቤቱ የሚያሳየው የሰፈር ጠጋኝ ግን እንደ ጥንቱ ቀጥቃጭ በጥርጣሬ ይታያል።

የበሬ እርሻን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ገበሬው ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ድግሩን ራሱ ይጠርባል። ሞፈሩ ቢሰበርበት እንጨት ቆርጦ ይተካዋል። በአሜሪካ ግን የጆን ዲር ትራክተር ያላቸው ገበሬዎች ለብዙ ዓመታት አቤቱታ አሰምተዋል። በትራክተሩ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር አንዳንድ ብልሽት ሲያስታውቅ፣ ብልሽቱን ለመመርመርና ለማስተካከል የሚያስፈልገው ሙሉ ሶፍትዌር በተፈቀደላቸው የኩባንያው ወኪሎች እጅ ብቻ ነበርና፣ መፍቻ ይዞ የቆመው ገበሬ የወኪሉን መምጣት ይጠብቅ ነበር። አዝመራ ግን ቀጠሮ አያከብርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በዚሁ ጉዳይ ኩባንያውን ከሰሰ። መጠገን ቁጠባ ብቻ አይደለም። ገበሬው ትራክተሩን ሲፈታና ሲገጥም ዐዋቂ ይሆናል፤ ሲከለከል ግን በገዛ መሣሪያው ፊት እንግዳ ሆኖ ይቆማል።

አምራቾች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሊሰማ ይገባል። መሣሪያው ለማንም ክፍት ከሆነ አደጋ ይመጣል፤ ሌባም ይጠቀምበታል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬኗ ሜሊቶፖል የተዘረፉ የዚሁ የጆን ዲር ዘመናዊ የእርሻ መሣሪያዎች በሩቅ ተቆልፈው አልነሣ ማለታቸው ሲዘገብ፣ ዜናው ያላስደሰተው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሌባውን ያስቆመው ቁልፍ ባለቤቱንም ሊያስቆመው ይችላል፤ ቁልፍ ሰው አይለይም። ስለዚህ ክርክሩ ቁልፍ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም፤ ማን ይያዘው ነው። ባለቤቱ ቢይዘውም ሌባው አይገባም ነበር።

ነገሩ ለኪነ ጥበብ ሰው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 አዶቢ የተባለው ኩባንያ አዳዲሶቹን የፎቶሾፕ እትሞች በቋሚ ክፍያ ብቻ ማከራየት ጀመረ። ክፍያውን ያቋረጠ ሠዓሊ ሥዕሉ በተሠራበት መሣሪያ አይከፈትለትም። ሥዕሉ የእርሱ ነው፤ በሩ ግን የሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ጥያቄውን ያነሣው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። እርሱ በሚሠራበት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ ሙከራ አዲስ የማተሚያ መሣሪያ ይገባል። በቀድሞው መሣሪያ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎች እንዲነገራቸው ሶፍትዌሩን አሻሽለውት ነበር፤ የአዲሱ ግን ዝግ ሆነ። ምንጩ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ካለ ባለሙያ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ቢጠይቀው፣ ላለማካፈል ቃል ገብቻለሁና አልሰጥም አለው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ቃሉን ጠበቀ። ቃሉ ግን ከዚያ በፊት ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ በሩን የዘጋ ቃል ነበር። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ነጻ ሶፍትዌር ለመሥራት ተነሣ።

በመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ተጥሎ አይቀርም፤ አሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር ያሉት የሞባይል ጠጋኞችም ከሁለት የሞቱ ስልኮች አንድ ሕያው ስልክ ያወጣሉ። በተባበሩት መንግሥታት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ጥራጊ በተጣለበትና በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ በታች በሆነበት ጊዜ፣ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ተራ ሥራ ሊባል አይገባም። ግን መሣሪያው ራሱ ይከለክላቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይፎን 13 መስተዋቱ ከኩባንያው ፈቃድ ውጭ ሲለወጥ፣ የተተካው የሌላ አይፎን 13 መስተዋት ቢሆን እንኳ፣ የባለቤቱን ፊት መለየት ያቆም ነበር፤ ቅሬታው ሲበዛ ኩባንያው ይህን አነሣው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካዋ የኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ከ2025 ጀምሮ በሚመረቱ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ አምራቾች የመለዋወጫ አካልን በሶፍትዌር እንዳይቆልፉ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ሕጉ የሚሠራው በኦሪገን ነው። የአዲስ አበባው ጠጋኝ ከአንዱ ስልክ የፈታውን ደህና መስተዋት ከሌላው ላይ ገጥሞ ሲያበራው፣ ስልኩ ይቀበለው ወይም ይመልሰው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ አይደለም፤ አጠገቡ ቆሞ የሚጠብቀው የስልኩ ባለቤትም አይደለም።