የሰከረ ሰው ዳኛው ማን ነው?

በሞያሌ አንድ መንገድ ሁለት ሕግ አለው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሾፌር እስከ ድንበሩ ድረስ ቀኙን ይዞ ይነዳል፤ ከተሻገረ በኋላ ግራውን ይይዛል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ኬላ የሁለቱን አገር ፍተሻ አንድ ቦታ አመጣው፤ የአነዳዱን ሕግ ግን አንድ አላደረገውም። ይኸን የሚያስታውሰው የሾፌሩ አእምሮ ብቻ ነው። እኛ የመጠለያው ነዋሪዎች መኪና የለንም። ነገር ግን በመንገዱ ዳር የምንሄደው፣ በቦዳ ቦዳ የምንፈናጠጠው፣ በጭነት መኪና ዕቃ ላይ ተቀምጠን የምንጓዘው እኛው ነንና ነገሩ ይመለከተናል።

ለመሆኑ ጠጥቶ የነዳ ሰው ቢያጠፋ ጥፋቱ የማን ነው? «መጠጡ ነው እንጂ እርሱ አይደለም» የሚሉ አሉ። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ይኸን ምክንያት አልተቀበለም። ሰክሮ ያጠፋ ሰው እጥፍ የሚቀጣበትን ሕግ ጠቅሶ፣ አለመስከር በእጁ ነበርና ይገባዋል ብሏል።

እኛ ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም እንላለን። ሰውየው ብቻውን አልጠጣም። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ!» ያለው ማን ነው? በራሳችን ሞት እየማልን እንጋብዘዋለን፤ ሞቱ ግን የእርሱ ይሆናል። ሊሄድ ሲነሣም «መንዳት ትችላለህ?» ብለን ራሱኑ እንጠይቀዋለን። ይኸ ዳኛው ወጥቶ በሄደበት ችሎት መሟገት ነው። መጠጥ አስቀድሞ የሚያደክመው ራስን የሚመዝነውን ልቡና ስለ ሆነ፣ ይበልጥ የሰከረው ይበልጥ «ደኅና ነኝ» ይላል።

«ቡና ይጠጣና ይነዳል» ማለትም አያዋጣም። ቡና እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮልን ከደም አያወጣም። ይኸ የጉበት ሥራ ነው፤ ጉበትም አይቸኩልም። በሰዓት ከአንድ ሊትር ደም የሚያጠራው ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ያህል ነው። በሊትር 0.8 ግራም ያለበት ሰው እንግዲህ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያስፈልገዋል። እኩለ ሌሊት የተኛ ሰው ጎሕ ሲቀድ ስካሩ ሳይለቀው ሊነሣ ይችላል።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ነፍሱ የራሱ ናት፣ ምን አገባን?» የሚለን አይጠፋም። ነፍሱስ የራሱ ትሁን፤ መንገዱ ግን የራሱ አይደለም። ውኃ ቀድታ በዳር የምትመለሰው ልጅ አንዲት ብርጭቆ አልቀመሰችም።

ስለዚህ ፍርዱ ልቡና ሳለ ይፈረድ። ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ቁልፉ ለማይጠጣው ይሰጥ፤ ሞተር ብስክሌቱ ግቢ ውስጥ ይደር፤ የጋበዘ ቤት መኝታ ያንጥፍ። በእግሩ የሚሄደውንም በጨለማ ብቻውን አንልቀቀው፤ እንግዳን መሸኘት ከአገራችን ይዘነው የመጣን ወግ ነውና እስከ ደጁ እናድርሰው። ከጥይትና ከረኃብ ያመለጠ ወገን በእኛ ግብዣ መንገድ ላይ አይቅር። «በሞቴ» ማለት ካልተውን፣ «በሞቴ፣ እዚሁ እደር!» እንበለው።