ከኋላ የተቀመጠው ሰው

ልጄ፣ አብረህ የምትጫወተውን ቡድን ልትለቅ እንዳሰብክ ሰማሁ። አንድ ዘፋኝ ለሠርግ ወቅት የተሻለ ክፍያ ሊሰጥህ ጠርቶሃል። አንተም ሳንሱሲ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከእነዚያው ልጆች ጋር መለማመድ ታክቶሃል። ድካምህ ይገባኛል። ስኔርና ሲምባል ተሸክሞ ከሳንሱሲ ፒያሳ ድረስ በታክሲ መጋፋት ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሆኖም መልስ ከመስጠትህ በፊት፣ በዚያች የድራም ወንበር ላይ ከአንተ ቀድመው የተቀመጡ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ልንገርህ።

የዋልያስ ባንድን ድራም ይመታ የነበረው ተማረ ሐረጉ ነው። ስሙን ሰምተህ አታውቅ ይሆናል፤ ምቱን ግን በእርግጠኝነት ሰምተኸዋል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን «ቸ በለው» የተሰኘውን ሸክላ የማያውቅ ሙዚቀኛ ዛሬ ማግኘት ይቸግራል። «ሙዚቃዊ ስልት»ም እዚያው ላይ ነው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዙን መላከ ገብሬ፣ ፒያኖውን ግርማ በየነ ይዘውታል። ከሁሉም በስተኋላ ደግሞ ተማረ ተቀምጧል።

ዋልያስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በቬነስ ክለብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። በዚያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ወይም የቴአትር ቤቱ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ገብቶ ባዶ እጁን ይወጣል። ሲከፋውም «ሄጃለሁ» ለማለት አቅም የለውም፤ ቢሄድ በምን ይጫወታል? የዋልያስ ልጆች ይህንን አይተው የራሳቸውን መሣሪያ ያዙ። ከዚያ በኋላ አሠሪያቸው ፊት ቀርበው ውላቸውን የሚደራደሩት ራሳቸው ሆኑ። በአዲስ አበባ ሒልተን አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቤቱ ባንድ ሆነው የዘለቁትም በዚህ አቋም ነው።

እዚህ ላይ ቆም በል። ድራምና አምፕሊፋየር ያኔም እንደዛሬው ውድ ነበር። አንዱ ብቻውን ቢሞክረው ኖሮ ዕዳው ያጎብጠው ነበር። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። አንተ ዛሬ የምትመታው ድራም የማን ነው? ነገ ያ ዘፋኝ ቢቆጣህና «ውረድ» ቢልህ፣ ወርደህ በምን ትቀጥላለህ?

ለነገሩ ዘመኑ ለሙዚቃ የተመቸ አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የከተማው የምሽት ሕይወት ተዳከመ። ሰዓቱ ካለፈ እንግዳውም ሙዚቀኛውም መውጣት ስለማይችል ሌሊቱ እዚያው ይነጋል። ኃይሉ መርጊያ ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቅ እስከ ንጋት ይጫወቱ እንደነበር ተናግሯል። ድራመር ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ጊታሪስቱ ለአንድ ዘፈን ሊያርፍ ይችላል፤ ሳክስፎን የሚነፋው ተራው እስኪደርስ ይቆማል። ድራመሩ ግን ዘፈኑ ሲጀመርም ሲያልቅም እጁና እግሩ ሥራ ላይ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ውስጥ ነው አንድ ሰው ሌላውን ማድመጥ የሚማረው፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ፣ ቤዙ የሚዘገይባትን ቅንጣት፣ ኦርጋኑ ሊዞር ሲል የሚሰጠውን ምልክት። የእኛን ቺክቺካ ከከበሮና ከጭብጨባ ወደ ሃይሃትና ባስ ድራም ማምጣትም እንዲሁ በአንድ ጀምበር የሚያዝ ጥበብ አይደለም። ምቱን ከስልክህ ልትቀዳ ትችል ይሆናል፤ ማድመጥን ግን አብረውህ ከሚቀመጡ ሰዎች ሌላ የሚያስተምርህ የለም።

በ«ቸ በለው» ላይ ሙላቱ አስታጥቄም አለ፤ ቫይብራፎን ይዞ በእንግድነት ገባ። ሙላቱን የሚያህል ሰው በእንግድነት ሲመጣ የሚገባበት ቤት ያስፈልገዋል። ዋልያስ ቤት ነበሩ።

የኢቤክስ ባንድንም ነገር ተመልከት። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኤረ መላ መላ»ን ሲቀርጽ ያጀበው ኢቤክስ ነው፤ ቤዙ ላይ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ ላይ ሰላም ሥዩም፣ ድራሙ ላይ ተስፋዬ ተሰማ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ያ ሥራ ብራስልስ ታትሞ አውሮፓውያን ሲያዳምጡት በማሕሙድ ድምፅ ተደነቁ፤ መደነቅም ይገባቸዋል። ሆኖም ያንን ድምፅ የተሸከመው አብሮ የኖረ ባንድ ነው። ኢቤክስ በኋላ ሮሃ ተብሎ አስቴር አወቀን፣ ኤፍሬም ታምሩን፣ ነዋይ ደበበን አጀበ። ዘፋኙ ሲለዋወጥ ባንዱ ጸንቶ ቆየ። ዘፋኞቹ ተራ በተራ ወደ ሮሃ የመጡት፣ የሚመጡበት ነገር ሳይፈርስ ስለጠበቃቸው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ምርጫ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሣን ይዘው አሜሪካ ገቡ። ጉዞው ሲያበቃ አራቱ፣ ግርማ በየነ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ፣ እዚያው ቀሩ። ተማረ ሐረጉና ሌሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቀሩትም በተመለሱትም ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። አገሩ በጭንቅ ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያስብለት ቤተሰብና የሚፈራው ነገር ነበረው። ዋጋውን ግን ልብ በል። አሥር ዓመት የተገነባ መደማመጥ በአንድ ጉዞ ለሁለት ተከፈለ።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ የመሣሪያ ሙዚቃ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑም ኪቦርዱም የእሱ ናቸው። ምቱን ማን ያዘው መሰለህ? ማሽን። ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ ምቱን ከማሽን ጋር አዛመደ። ካሴቱ ውብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ሆኖም ባዳመጥኩት ቁጥር የጎደለው ወንበር ይታየኛል። ማሽን ሰዓት ይጠብቃል እንጂ አያደምጥም። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን በመኪናው የዕቃ መጫኛ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይለማመድ ነበር። ይህንን ጽናት በልብህ ያዝልኝ።

ያቺን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ካንድ ሱቅ አገኛት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመች፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ድራሙን የመታለት ቶኒ በክ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ኔክስ በሚባል የሦስት ሰዎች ቡድን ውስጥ አለ፤ ሦስቱም እስከዚያው ዓመት ድረስ አልተለያዩም። ቶኒ በዚያ መሐል ከስንት ሙዚቀኛ ጋር እየሄደ ተጫውቷል! ለኢትዮጵያዊው ኃይሉ የተረፈው ጆሮ በቤቱ የሠለጠነ ጆሮ ነው። ስለዚህ ከሌሎች ጋር አትጫወት አልልህም። ተጫወት፤ ሂድ፤ ከቻልክ ከአገር አገር ዙር። ግን የምትመለስበት ቤት ይኑርህ። ለአንድ ሠርግ ወቅት ብለህ ያንን ቤት አታፍርስ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው በቀላሉ ይረሳል። አሜሪካ ውስጥ ክላይድ ስታብልፊልድ የሚባል ድራመር ከጄምስ ብራውን ጋር ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው «ፈንኪ ድራመር» ላይ ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻውን የመታትን ምት፣ በኋላ ዘመን ከሺህ በሚበልጡ ዘፈኖች ውስጥ ቀድተው አስገቧት። በዘፈኑ ደራሲነት የተመዘገበው ግን ጄምስ ብራውን ብቻ ስለነበር ክላይድ ከዚያ ሁሉ ሀብት የሚገባውን ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። የ«ቸ በለው» የመጀመሪያ እትም ሸክላም ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ገንዘቡ የሚገባው ወደ ሻጩ ኪስ ነው እንጂ ወደ ተጫዋቾቹ አይደለም።

አንተ ከእነሱ የተሻለ ነገር አለህ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ ለዘፈን ደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም፣ ማለትም ለአንተ ለድራመሩ፣ መብት ይሰጣል። አፈጻጸምህ ያለፈቃድህ እንዳይቀረጽና እንዳይባዛ ይጠብቅሃል፤ ጥበቃውም 50 ዓመት ይዘልቃል። ዛሬ ሃያ ዓመትህ ነው፤ አስበው፣ ዘንድሮ የቀረጽከው ምት ሰባ ዓመት እስኪሞላህ ድረስ መብትህ ነው። ይሁን እንጂ ማን እንደመታው በወረቀት ካልተጻፈ በምን ታስረዳለህ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እንግዲህ ዘፋኙን ስታገኘው በአክብሮት ሁለት ነገር ጠይቀው። ቀረጻ ካለ ስሜ በሥራው ላይ ይጻፋል ወይ? ውሉንስ ፈርመን አንድ ቅጂ ለእኔ ትሰጠኛለህ ወይ? ለጓደኞችህ ደግሞ ዛሬ ማታ ደውልላቸው። የምትሄድባቸውን ቀናት ንገራቸው፣ የልምምዱን ቀን አብራችሁ አዛውሩት። ድራሙንም ከዚያች ክፍል አታውጣው፤ ለሠርጉ ሌላ ተከራይ።